አሥራ አንድ መጽሐፍ አውርጄ አንዱንም አልጨረስኩም

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በገንዘብ ያዥነት እሠራለሁ። በየጠዋቱ የሲሚንቶውን፣ የፌሮውንና የቆርቆሮውን የዕለት ዋጋ ካርቶን ላይ በማርከር ጽፌ በሩ ላይ የምለጥፈውም እኔ ነኝ። ከአምና ጀምሮ የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ በግሌ ለመማር እየታገልኩ ነው። መጀመር አቅቶኝ አያውቅም፤ የሚያቅተኝ መቀጠል ነው።

የአጎቴ ልጅ «ከፓይተን ካልጀመርሽ ጊዜሽን ታባክኛለሽ» ስላለኝ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጀመርኩ። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር፤ ግን ድረ ገጹ የት እንዳለ ሳላይ ተሰላቸሁ። አዲስ አበባ ሥራ የያዘች ጓደኛዬ «ቀጣሪ የሚጠይቀው ሪአክት ነው» አለችኝና ወደዚያ የድረ ገጽ መሥሪያ ዞርኩ፤ ብዙም ሳልርቅ ምን እያነበብኩ እንደሆነ ጠፋኝ። ከዚያ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ፒኤችፒ ስለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እና ማይኤስኪዩኤል ስለሚባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ገዛሁ። ፊደል በፊደል ገልብጬ «ማይኤስኪዩኤል ኮኔክት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል ፈንክሽን (ትእዛዝ) አላውቅም አለኝ። ስንት ምሽት እንደታገልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከቴሌግራም ያወረድኳቸው አሥራ አንድ መጻሕፍት ደግሞ ላፕቶፔ ላይ ተኝተዋል። ላፕቶፑም አሮጌ ነው፤ እስኪከፈት ቡና ይፈላል።

አሁን ታላቅ ወንድሜ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መጻሕፍት ሊገዛልኝ «ዝርዝሩን ላኪልኝ» ብሎኛል። በእኔ ተስፋ ስላለው ዝርዝሩን መላክ አሳፈረኝ። መሐል ሜዳ ከተማ ያለው አባቴ በደወለ ቁጥር የሚጠይቀኝ ስለ ባንክ ፈተናው ነው። ጭንቅላቴ ለዚህ ነገር አልተፈጠረ ይሆን? የትኛውን መጽሐፍ ላስገዛው? ከምኑስ ልጀምር?

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣

ጭንቅላትሽን ከመክሰስሽ በፊት ያን ወፍራም መጽሐፍ አምጪውና ሽፋኑን ገልጠሽ የታተመበትን ዓመት እዪው። እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት የታተመ ቢሆን አይገርመኝም (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። «ማይኤስኪዩኤል ኮኔክት» የሚባለው ትእዛዝ በዚያ ዓመት ፒኤችፒ 5.5 ሲወጣ «ከእንግዲህ አትጠቀሙበት» ተባለ፤ በ2015 መጨረሻ ፒኤችፒ 7 ሲመጣ ደግሞ ጭራሹን ተወገደ። አንቺ ያወረድሽው ዘንድሮ የሚሠራበትን ፒኤችፒ 8 ነው የሚሆነው። ኮምፒውተሩ «አላውቅም» ሲልሽ እውነቱን ነው፤ በእሱ ዘንድ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። አንቺ አልተሳሳትሽም፤ መጽሐፉ የሞተ ትእዛዝ ነው ያስተማረሽ። የሚያሳዝነው፣ ለጀማሪ ይህን የሚነግረው ሰው ከጎኑ ስለሌለ ሁሉንም ጥፋት ወደ ራሱ መውሰዱ ነው።

ስለዚህ ዝርዝር ከመጻፍሽ በፊት መጻሕፍቱን መመርመር ትችይ ዘንድ የማውቀውን ልንገርሽ። የድረ ገጽ መጻሕፍት ሁሉም እኩል አያረጁም። የገጹን ይዘት የምንጽፍበት ኤችቲኤምኤል ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው፤ ቲም በርነርስ ሊ በ1991 የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ዛሬም በስልክሽ ብራውዘር ይከፈታል፤ ርእሱ ርእስ፣ አንቀጹ አንቀጽ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የአሥር ዓመት የኤችቲኤምኤል ምዕራፍ አያስፈራሽ። የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ። የቀለሙና የፊደሉ ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ የገጽ አቀማመጡ ክፍል ግን ተለውጧል። መጽሐፉ ዓምዶችን ጎን ለጎን ለማቆም የሚያስተምረው በ«ፍሎት» ብቻ ከሆነ፣ «ፍሌክስቦክስ» እና «ግሪድ» ስለሚባሉት አዳዲስ የአቀማመጥ ዘዴዎች አንድም ነገር ከሌለው፣ ያን ምዕራፍ ዝለዪው። ግሪድ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ የገባው በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ እንዴት አድርጎ በደንብ ያስተምርሻል? ገጹን ሥራ በሚያሠራው ቋንቋ በጃቫስክሪፕት ላይ ደግሞ መለያው በጣም ቀላል ነው። ተለዋዋጮችን (ቁጥር ወይም ጽሑፍ የሚያዝባቸውን ስሞች) የሚያውጀው ከዳር እስከ ዳር «ቫር» በሚለው ቃል ከሆነ፣ «ሌት» እና «ኮንስት» የትም ካልታዩ፣ ቋንቋው በ2015 ከታደሰበት ጊዜ በፊት የተጻፈ ነው። ፈጥኖ የሚያረጀው እንደ ፒኤችፒ ያለው ሰርቨር (ገጹን ለጎብኚዎች የሚልከው ኮምፒውተር) ላይ የሚሠራው ክፍልና እነ ሪአክት ናቸው፤ እዚያ ላይ አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ ተገኘ ብሎ መግዛት ርካሽ አይደለም፤ ዋጋውን በምሽቶችሽ ከፍለሽዋል።

ላፕቶፕሽ ላይ የተኙትን አሥራ አንዱንም በዚህ ዓይን እዪያቸው። አንድ ምሽት በቂ ነው። ያለፉትን ወደ አንድ ፎልደር፣ የወደቁትን ወደ ሌላ። እኔ ብሆን የወደቁትን አጠፋቸው ነበር፤ ያልተነበበ መጽሐፍ ባየሽው ቁጥር ዕዳ ያለብሽ ይመስልሻል፤ አንቺ ደግሞ የዕዳ መዝገብ ከመሥሪያ ቤትሽ ይበቃሻል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ይህን ትምህርት የፈለግሽው አዲስ አበባ ሄደሽ ለመቀጠር ነው፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ከሥራሽ ጎን ገቢ ለማግኘት ነው፣ ወይስ ነገሩ ራሱ ስለሚያስደስትሽ? ደብዳቤሽ ይህን አይናገርም። የአጎትሽ ልጅና ጓደኛሽ መልሱን እነሱ ያወቁት ያህል ነው የመከሩሽ፤ ሁለቱም ክፋት የለባቸውም፤ የእነሱን መንገድ ነው የነገሩሽ። ለመልሱ አትቸኩዪ። መጀመሪያዎቹ ወራት ሦስቱም ምርጫዎች በአንድ መንገድ ስለሚሄዱ መለያየቱ የሚመጣው ኋላ ነው።

መንገዱን ለማሳየት ከራስሽ ደብዳቤ የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ በየጠዋቱ የምትጽፊው ካርቶን አለ። እስቲ እሱን ድረ ገጽ እናድርገው።

መጀመሪያ ኤችቲኤምኤል። የመደብሩን ስም በርእስ፣ ዕቃዎቹን በሰንጠረዥ፤ ሲሚንቶ በኩንታል፣ ፌሮ በቁጥር፣ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ፣ ሚስማር በኪሎ፣ ቀለም በጋሎን። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግሽ ተራ የጽሑፍ መጻፊያና ብራውዘር ብቻ ነው። ዋናው ነገር በአማርኛ ጻፊው። ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተዘጋጁ መጻሕፍት የማይቆዩበት አንድ ነጥብ እዚህ ላይ አለ፦ ፋይሉን ስታስቀምጪ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ሥርዓት መሆኑን፣ በገጹ ራስ ላይም የፊደል አሠራሩ ዩቲኤፍ-8 ነው የሚለውን መስመር መጻፍሽን አረጋግጪ። ይህን ከዘነጋሽ «ሲሚንቶ» ያልሽው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ አሁንም ጭንቅላትሽን ልትወቅሺ ነው። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ብራውዘሩ የሚያነብበትን መንገድ ብቻ ንገሪው።

ቀጥሎ ሲኤስኤስ። ሰንጠረዡ በስልክ ሲከፈት ከዳር ወጥቶ ይቆረጣል፤ ገዢው ደግሞ የሚያየው በስልኩ ነው። ይህን ስታስተካክዪ አብዛኛውን የሲኤስኤስ ትምህርት ሳታውቂው ታልፊበታለሽ።

ከዚያ ጃቫስክሪፕት፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰጂ፤ አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። ገዢው የቆርቆሮውን ብዛትና የሚስማሩን ኪሎ ሲያስገባ ድምሩን ከ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር የሚያወጣ ማስያ ሥሪ። ሒሳብ አያያዝ የተማርሽ ሰው ስለሆንሽ የሚያስቅሽ ነገር ታገኛለሽ፦ ጃቫስክሪፕትን 0.1 እና 0.2 ደምር ብትይው 0.30000000000000004 ይልሻል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ክፍልፋዮችን የሚያስቀምጠው በሁለትዮሽ አሃዝ ስለሆነ 0.1ን በትክክል መያዝ አይችልም። ስለዚህ ገንዘብ ሲሰላ ሁሉንም ወደ ሳንቲም ለውጦ በሙሉ ቁጥር መደመርና ሲያሳዩ ወደ ብር መመለስ ይሻላል። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊ ይህን የሚያውቀው ሒሳቡ አልገጥም ሲለው ነው፤ አንቺ ግን ሳንቲም ሲጎድል ዝም ማለት የማይሆንልሽ ሰው ነሽ። «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ያልሽው ይህን ይዘሽ ነው?

ፓይተን ላይ ያጠፋሽው ጊዜም አልባከነም። ተለዋዋጭ ምንድን ነው፣ ሁኔታ እንዴት ይፈተናል፣ አንድ ነገር በተደጋጋሚ እንዴት ይሠራል የሚለውን ሁሉ ይዘሽው መጥተሻል፤ አጻጻፉ እንጂ ሐሳቡ አይለወጥም።

ዋጋው በየቀኑ ሲቀየር፣ ባለቤቱም ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ልቀይረው ሲል፣ ፋይሉን በእጅ እየከፈቱ ማረም ያታክታል። ሰርቨርና ዳታቤዝ ለምን እንደተፈጠሩ ያን ጊዜ ማንም ሳያስረዳሽ ይገባሻል። ፒኤችፒ እና ማይኤስኪዩኤል የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ምርጫ የለም ማለቴ አይደለም፤ ጃቫስክሪፕትን በኖድ አማካይነት ሰርቨር ላይ መጠቀም ይቻላል፤ ፓይተንም ጃንጎ የሚባል መሣሪያ አለው። እኔ ግን በከተማሽ ላሉ ነጋዴዎች መሥራት ካሰብሽ ፒኤችፒን እመርጣለሁ፤ ርካሽ የድረ ገጽ ማስቀመጫዎች በብዛት ይቀበሉታል፤ ብዙ ድርጅት የሚጠቀምበት የድረ ገጽ መሥሪያ ዎርድፕረስም የተጻፈው በእሱ ነው።

ሪአክት በመጨረሻ። ጓደኛሽ አልዋሸችሽም፤ ቀጣሪዎች ይጠይቁታል። ግን ሪአክት ፌስቡክ ሠርቶ በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ነው፤ ጃቫስክሪፕትን ታውቂያለሽ ብሎ ነው የሚጀምረው። አንቺ ሳታውቂው ገባሽበት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ሆነብሽ። ለአዲስ አበባ ቅጥር ከወሰንሽ ከጃቫስክሪፕቱ በኋላ ፒኤችፒን አቆይተሽ በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ ትችያለሽ።

አሁን ለወንድምሽ የምትልኪውን እናምጣ። በወረቀት መያዝ የሚገባው አንድ መጽሐፍ ብቻ ይታየኛል፤ ጆን ዳኬት በ2011 ያሳተመው የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ መጽሐፍ። በቀለም የታተመ፣ ኮዱንና ውጤቱን ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ እንግሊዝኛው የማይከብድ ነው። አሮጌ ነው ትይኛለሽ፤ አዎ፣ የገጽ አቀማመጥ ምዕራፉ በፍሎት ነው፤ ከላይ እንዳልኩሽ እሱን ዝለዪና ፍሌክስቦክስና ግሪድን ሞዚላ ከሚያዘጋጀው ኤምዲኤን ከሚባለው ድረ ገጽ በነጻ ተማሪ። የዚሁ ሰው የጃቫስክሪፕትና የጄኩዌሪ መጽሐፍ ግን የ2014 ነው፤ ከቋንቋው መታደስ በፊት ስለሆነ ቢያማምርም አታስገዢው። የፒኤችፒና የማይኤስኪዩኤል መጽሐፉ የ2022 ነው፤ እሱ ጥሩ ነው፤ ግን ዛሬ አይገዛ። እዚያ ስትደርሺ ይገዛል።

ለጃቫስክሪፕት ወንድምሽ አንድ ሳንቲም ማውጣት የለበትም። «ጃቫስክሪፕት ነጥብ ኢንፎ» የሚባለው መማሪያ ከዜሮ ይጀምራል፤ በነጻ ይነበባል። «ኤሎክወንት ጃቫስክሪፕት» የሚባለው የማሪን ሃቨርቤከ መጽሐፍም በኢንተርኔት ነጻ ነው፤ አራተኛ እትሙ በ2024 ወጥቷል። ብዙዎች ለጀማሪ ይመክሩታል፤ እኔ አልመክረውም። ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ግን መልመጃዎቹ ቶሎ ስለሚከብዱ ራሱን ለሚጠራጠር ሰው አይስማሙም። ማስያሽ ሠርቶ ካየሽው በኋላ ክፈቺው፤ ያን ጊዜ ትወጂዋለሽ።

በተረፈው ገንዘብ ወንድምሽ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን የኮምፒውተር ማከማቻ ይግዛልሽ። ላፕቶፕሽ ውስጥ ያለው የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ እሱን በኤስኤስዲ መቀየር ከአምስት መጽሐፍ ይልቅ ትምህርትሽን ያፋጥናል። ኮምፒውተር ጠጋኝ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሚገጥም ይይልሽ። ከሥራ ደክሞሽ በደብረ ብርሃን ብርድ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ተቀምጠሽ፣ ላፕቶፑ እስኪከፈት ስትጠብቂ የመማር ፍላጎትሽ አብሮ ይቀዘቅዛል። ያቆምሽባቸውን ምሽቶች መለስ ብለሽ ብታያቸው፣ ስንቶቹን ያቆምሽው ትምህርቱ ከብዶሽ ነው፣ ስንቶቹንስ ላፕቶፑ አስመርሮሽ?

ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዳትቆሚ ደግሞ፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን ዴቭዶክስ የሚባለውን ድረ ገጽ ከፍተሽ የኤችቲኤምኤል፣ የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ማጣቀሻዎችን ከመስመር ውጭ ለማንበብ አስቀምጪያቸው። ከዚያ ወዲያ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታሉ። በአማርኛ የሚያስተምሩ የዩቲዩብ ቪዲዮዎችም አሉ፤ ሐሳቡ አልገባ ሲልሽ እዪያቸው፤ ግን ቪዲዮ እያዩ የገባ የሚመስል ነገር ብዙ ጊዜ ጣት ኪቦርድ ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። ፊደል በፊደል መገልበጥሽን ጠብቂው፤ ጥሩ ልማድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት፤ የገለበጥሽው ከሠራ በኋላ መጽሐፉን ዘግተሽ አንድ ነገር ቀይሪበት። ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን፤ ለምሳሌ ከሃያ ቆርቆሮ በላይ ለሚገዛ ቅናሽ እንዲያደርግ።

ስለ አባትሽ ሳልናገር አላልፍም። የባንክ ፈተናውን ተፈተኚ። ከዚህ ትምህርት ጋር የሚጣላበት ምክንያት አልታየኝም፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ተረጋግቶ ይማራል፤ ባንክ ገብተሽም ምሽቱ ያንቺው ነው። አባትሽ የሚፈራው ኮምፒውተሩን አይመስለኝም፤ የተማረችው ልጁ ሜዳ ላይ እንዳትቀር ነው። የሚያየው ነገር ስጪው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት አለው፤ ለሚያጠናቅቅም ሰርተፊኬት አለው። ለብቻው በቂ አይደለም፤ ግን ከኤችቲኤምኤሉ ጋር ጎን ለጎን ብትወስጂው አይጎዳሽም፤ ወረቀቱን ለአባትሽ መሐል ሜዳ ድረስ ይዘሽለት መሄድ ትችያለሽ።

ወንድምሽን ማፈርሽ ግን ትንሽ አሳስቦኛል። የጀመርሽውን እየተውሽ መቆየትሽን ያውቃል? ካላወቀ ንገሪው፤ የትኛው መጽሐፍ ላይ ምን እንደገጠመሽ ጭምር። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ወንድም ጋሼ፣ ብዙ መጽሐፍ አያስፈልገኝም። የጆን ዳኬትን የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ መጽሐፍ ፈልግልኝ። ካላገኘኸው አትጨነቅ፤ በነጻ የማነበው አለኝ። ገንዘብ ከተረፈ ግን ለላፕቶፔ ኤስኤስዲ ግዛልኝ፤ ለፋሲካ ስትመጣ የመደብራችንን የዋጋ ዝርዝር በስልክህ አሳይሃለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከመላክሽ በፊት ባለቤቱን ዋጋውን ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ይፈቅድልሽ እንደሆነ ጠይቂው። ካልፈቀደ በፈጠራ ዋጋ ሥሪው፤ ጊትሀብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ እንዲህ ያሉትን ገጾች ያለ ክፍያ ያስቀምጥልሻል።